የጾም ፌስታል

ፌስታል የሠራሁት ከድንች ነው። ራሴ ቀድሜ ብናገረው ይሻላል፤ ሰቆጣ ውስጥ ያልሰማ ሰው ስለሌለ የመደበቁ ትርፍ ትዝብት ነው። ገበያ ስወጣ ድንች የሚሸጡት ሴቶች ይጠቃቀሳሉ። «መምህር፣ ዛሬ ለወጥ ነው ለፌስታል?» ይሉኛል። «ለወጥ ነው» እላለሁ፤ አያምኑኝም። እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን እኔም ራሴን አላምነውም።

እንጀራዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን ያገኘሁት ግን ከተክል በሚወጡ ነገሮች ፕላስቲክ በመሥራት ነው። በነዳጅ ፈንታ ስታርች፣ በነዳጅ ጉድጓድ ፈንታ ማሳ፤ ሲናገሩት አፍ ያጣፍጣል። የመመረቂያ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ያነበቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ፈታኞቼ ሲሆኑ ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔም ብሆን መካከሉን ዘልዬዋለሁ። ይህን ሁሉ ዕውቀት ተሸክሜ አገሬ ስገባ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ተማሪዎቼ የሚፈልጉት ፈተና ላይ የሚመጣውን ብቻ ነው። የማራግፍበት ሳጣ በአባቴ ላይ አራገፍኩት።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከሰቆጣ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ፣ ኮረብታ ላይ ባለች ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳሉ። ወንበራቸውን እንድወርስ አስበው ዳዊት አስደግመውኝ ነበር። ቅኔ ቤት ግባ ስባል ግን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ሸሸሁ። ቂም አልያዙብኝም። ብቻ አንድ ቀን ደብተሬ ላይ የሣልኩትን የሞለኪውል ሰንሰለት አተኩረው አዩና «ይኼ ቅኔ የሚፈታው መቼ ነው?» አሉኝ። እስካሁን አልተፈታም።

አባቴ አንድ ሀብት አላቸው፤ ዳዊታቸው። በወጣትነታቸው የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ቀለሙን ራሳቸው በጥብጠው በእጃቸው የጻፉት ነው። የፊተኛው የእንጨት ገበታው ከተሰበረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ሲዘጋ ከላይ የሚታየው የመጀመሪያው ቅጠል ነው። እዚያ ቅጠል ላይ መዝሙር የለም። የቤተሰባችን ስም ነው ያለበት፦ ማን መቼ ተወለደ፣ ማን መቼ አረፈ። ከታች በኩል የእኔ ክርስትና ስም አለ። ከስሜ ጎን ደግሞ አንድ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ የእናቴ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አማርኛውንም ገበያ ስትወጣ ብቻ ነበር የምትናገረው፤ ቤት ውስጥ ቋንቋዋ ኽምጣና ነበር። በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ እንደተመለስን አባቴ ብዕራቸውን አንሥተው ስሜን ሲጽፉ አጠገባቸው ተቀምጣ ታይ ነበር አሉ። «የወለድኩት እኔ፣ የሚጻፈው በእርስዎ እጅ ብቻ?» ብላ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ቅጠሉ ላይ አተመችው። አባቴ መጽሐፌን አበላሸሽ ብለው ያን ቀን ሙሉ አኮረፉ። ማጭድ ጣቷን ቆርጧት ጠባሳ ስለነበራት አሻራዋ መካከሉ ላይ በነጭ መስመር የተከፈለ ነው። በቀለም በኩል ቁጥብ አልነበረችም፤ ከአባቴ ፊደል ይልቅ የእሷ ጣት ወፍሮ፣ ከቆዳው በላይ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። እናቴ ያረፈችው እኔ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስታርች ሳማስል ነው። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ይህን ማንም አያነሣብኝም፤ እኔ ግን ረስቼው አላውቅም።

ይህን ዳዊት ነው እንግዲህ አባቴ በክረምት በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው የሚይዙት። አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥረው። ባየሁት ቁጥር ያመኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ጎረቤቶቻቸው ያረዷት ጊደር ሆዷ ሲከፈት እንደ ኳስ የተጠቀለለ ፌስታል ተገኝቶ ነበርና ምክንያትም አላጣሁም። ግን ልዋሽ አልፈልግም። ከጊደሯ ይልቅ ያሳሰበኝ የራሴ ዲግሪ ነው። ሥራ ፈትቶ ነበር።

«አባዬ፣ ይህን መርዝ ይጣሉት። እኔ ከተክል የተሠራ አዘጋጅልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ከተክል? እንዴት ያለ ነገር ነው?»

«መቁጠሪያዎን ያስቡት። አንዷ ፍሬ ብቻዋን ምንም አትሆንም። ብዙ ሆነው ሲያያዙ ነው መቁጠሪያ የሚባሉት። ስታርችም እንደዚያ ነው፤ ትናንሽ ፍሬዎች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሆናሉ።»

«ክሩስ ምንድን ነው?»

«ክር የለውም። ፍሬዎቹ ራሳቸው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።»

መቁጠሪያቸውን አገላብጠው አዩት። «ክር ለሌለው መቁጠሪያ ዝናብ አያምጣበት» አሉ።

ሳቅኩ። የተማረ ሰው ሳቅ ነበር የሳቅኩት፤ አሁን ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በማሽላ ነው። ዱቄቱን ዘፍዝፌ፣ በነጠላ አጥልዬ፣ ያዘቀጠውን ነጭ ስታርች ከአቼቶና ከግሊሰሪን ጋር በሚስቴ ብረት ድስት አማሰልኩት። ግሊሰሪኑ ሴቶች እጃቸውን የሚቀቡት፣ ከማንኛውም ሱቅ የሚገኘው ነው፤ ፕላስቲኩ እንዳይሰባበር ያለሰልሰዋል። ሚስቴ የኒሯቅ ልጅ ናት፤ ነገር ማድበስበስ አታውቅም። ድስቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ሙቅ ነው?»

«ፌስታል ነው።»

«ሰው ለእርዳታ ስንዴ ሲሰለፍ ባየንበት አገር፣ አንተ ማሽላ ቀቅለህ ፌስታል ልታደርግ?»

 እኛ ዘንድ እህል ረግጦ የሚያልፍ ሰው የለም፤ እኔ ሁለት ዲግሪ ይዤ ድስት ውስጥ ረገጥኩት። ያን ቀን ያማሰልኩትን ሙቅ በስኳር እንድጠጣው ፈረደችብኝ። ግሊሰሪኑና አቼቶው ገብቶበታል ብዬ ባላመልጥ ኖሮ እጠጣው ነበር።

ከዚያ ወደ ድንች ዞርኩ። ከጋዝጊብላ ደጋ ለገበያ ከሚመጣው ድንች በመንገድ የቆሰለውንና አረንጓዴ የሆነውን ሻጮቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ማንም የማይበላው ስለሆነ ሚስቴም ዝም አለች። ክራባቴን አስሬ፣ ገበያው ሲበተን ጎንበስ ብዬ የተጣለ ድንች ስለቅም ያየ ሁሉ ደመወዛችን የቀረብን መስሎት ነበር። አንዷ ባልቴትማ አዝነው ከደህናው አራት ፍሬ ጨመሩልኝ። ተቀበልኳቸው።

ትሪ ላይ አፍስሼ የዘረጋሁት የመጀመሪያው ልጥ ደርቆ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ሁለተኛው ትሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ትሪው እስካሁን አልዳነም። ሦስተኛው አማረልኝ፤ ስስ፣ ልስልስ፣ ብርሃን የሚያሳይ። እንዲደርቅ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቀልኩትና ሚስቴን ልጠራ ገባሁ። ስንወጣ የጎረቤታችን ፍየል ግማሹን ውጣ ሌላውን ግማሽ እየጎተተች ነበር። ጎረቤታችን ጮኸው ደረሱ፤ የጮኹት ለእኔ ፕላስቲክ አይደለም።

«ትሞትብኝ ይሆን መምህር?»

«አትሞትም እትዬ፤ ድንች ነው።»

«ድንች ከሆነማ ለምን አትበሉትም?» ብለው ፍየላቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔ ግን ደስታዬ ወሰን አጣ። ፌስታል በልታ የማትሞት ፍየል! አንዱን ቁራጭ ደግሞ ጓሮ ቀብሬ፣ ምልክት አቁሜ፣ በአርባኛው ቀን ስቆፍር ምንም አላገኘሁም። ሙልጭ። በደብተሬ ላይ «በአርባ ቀን ሙሉ በሙሉ አፈር ሆኗል» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

አባቴ ዜናውን ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፍልሰታን ነው የምይዘው። የጾም ነው?»

ይህ ጥያቄ በየትኛውም የፕላስቲክ መጽሐፍ ውስጥ የለም። መጻሕፍቱ እንዲያውም ለጥንካሬ ከአጥንትና ከቆዳ የሚቀቀል ሙጫ ጨምሩበት ይላሉ። እኔ ግን የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ በጾም ቀን የምን እንስሳ እንደሆነ ያልታወቀ አጥንት ዳዊት ላይ አላስነካም ብዬ ሙጫውን ተውኩት። ዳዊቱ ራሱ ከዳር እስከ ዳር የፍየል ቆዳ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

በሙጫው ፈንታ የተልባ ዘይት ቀባሁት። የተልባ ዘይት ፀሐይና ነፋስ ሲያገኘው ራሱ ተያይዞ ቆዳ ያወጣል፤ ውሃ አያስገባም። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከየት ይመጣል? በአራት ቀን በቃው አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ሰምቼ አላውቅም መሰለኝ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ደፋሁበት፤ ተንሸራቶ ወረደ። እሱን ነው ሙከራ ያልኩት። የቀረውን ሁሉ የሞከርኩት ግንቦት ላይ፣ አየሩ እንደ ምድጃ ደርቆ ሳለ ነው። የዝናብ ልብስ በበጋ የለካ ሰው እኔ ነኝ።

ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ይዤላቸው ሄድኩ። ዳዊቱን ከጥቁሩ ፌስታል አውጥተው አዲሱ ውስጥ አስገቡት። በልኩ ነበር የሠራሁት፤ የፊተኛው ቅጠል ላይ ልጥፍ አለ። በስሱ ፕላስቲክ ውስጥ የእናቴ ጣት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። አባቴ ፈገግ አሉ። እኔ ደግሞ ያን ፈገግታ እንደ ሦስተኛ ዲግሪ ቆጠርኩት።

«ቢቀበር በአርባ ቀን አፈር ይሆናል» አልኳቸው።

«ለተዝካሩ ይደርሳላ» አሉ።

ጥቁሩን ፌስታል ግን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ይጣሉት እንጂ አባዬ!»

«የማይበሰብስ ነው አላልከኝም? የት ብጥለው ይሄዳል?»

ዝናቡ ከፍልሰታ መግቢያ ጀምሮ አላባራም። በአሥረኛው ቀን፣ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር፣ የእጄን ሥራ ልጎበኝ ጭቃውን እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። ሰው ወደየቤቱ ሄዶ አባቴ ብቻቸውን ደጀ ሰላሙ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዳዊቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ገና ሳልቀርብ የኮመጠጠ ሽታ መጣብኝ፤ የሚስቴን ድስት ነው ያስታወሰኝ።

ፕላስቲኩ ነጭ ሆኗል። አብጧል። ስነካው ጣቴን ያዘኝ። ያ ለማለስለሻ የጨመርኩት ግሊሰሪን እርጥበት ይወዳል፤ አሥር ቀን ሙሉ ክረምቱን ሲጠጣ ከርሟል። ይህን በክፍል ውስጥ አስተምረው ነበር፤ ፈተናም አውጥቼበታለሁ።

«ለምን አልላኩብኝም?» አልኳቸው።

«ምን ልበልህ? ሙቅህ ደርሷል ልበልህ?» አሉ። «ሦስት ቀን በቃሌ ነው የደገምኩት። እንዳይቀደድ ብዬ አልከፈትኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያንተ ፌስታል ከሁለቱም ባሰ።»

እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዙት።

«ተው። እርጥብ ብራና አይጎተትም። ፀሐይ ይውጣ፤ ሲደርቅ ራሱ ይለቃል።»

ብራና የፋቁ፣ የወጠሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆዳ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው የሚነግሩኝ። እኔ ምን አልኩ? «ግድ የለም አባዬ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።» ከጥግ ያዝኩና ሳብኩት።

ቀስ ብዬ ነበር የሳብኩት። ቀስ ማለት ዕውቀት አይሆንም። የአባቴ ፊደሎች ከቆዳው ጋር የተዋሐዱ ስለሆኑ ደብዘዝ ከማለት በቀር አልተነሡም። የእናቴ ጣት ግን ከላይ የተቀመጠ ወፍራም ቀለም ነው፤ እርጥበቱ አላልቶት ነበር። ሙሉውን ተነሣ። ከስሜ ጎን የቀረው የጣት ቅርጽ ያለው ንጹሕ ባዶ ቦታ ነው።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፉና ዝቅ ባለ ድምፅ በኽምጣና ተናገሩ፤ ከእኔ ጋር አልነበረም። «ይኸው ልጅሽ» ነው ያሏት።

ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ጣቷ እዚያ ነበረች። ማጭዱ የቆረጣት መስመር ሳይቀር፣ ሙሉዋ ጣት፣ የተጨማደደ ድንች ላይ ተለጥፋ።

«ይኼው አለች፤ አልጠፋችም» አልኩ። 

አባቴ ዓይናቸውን አጥብበው አዩዋት። «ይኼ ነገር» አሉ፣ «ስንት ቀን ነው ያልከኝ?»

አርባ ብዬ መጨረስ አልቻልኩም። አለቀስኩ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የኬሚስትሪ መምህር ደጀ ሰላም ውስጥ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በሕይወቴ ሙሉ የሚበሰብስ ነገር ለመሥራት ለፍቼ፣ የተሳካልኝ ቀን የምትበሰብሰዋ እናቴ ሆነች።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ያን ጥቁር ፌስታል አወጡና አራገፉት። «እንካ፣ እዚህ ውስጥ ያዛት» አሉኝ።

 ሚስቴ ልጡን ከምድጃው ራቅ አድርጋ በጥላ አደረቀችልኝ፤ መልሰን በፌስታሉ ቋጥረን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው። ለመክፈት ድፍረት አጣሁ። በየማለዳው ቀን መቁጠር ብቻ ሆነ ሥራዬ። አሥራ አምስተኛው ቀን ላይ መታገሥ አቃታት።

«ስማ፣ ያን ጓሮ የቀበርከውን...» አለች።

«እ?»

«በሦስተኛው ቀን ዶሮዎቹ ጭረው አውጥተው በሉት። በአርባኛው ቀን ቆፍረህ እንደዚያ ስትደሰት ሳይህ አሳዘንከኝና ዝም አልኩ።»

ደብተሬን አውጥቼ ያሰመርኩበትን ሰረዝኩት። ፕላስቲኬ አርባ ቀን ይቆይ አርባ ዓመት የማውቀው ነገር እንደሌለ ገባኝ። ከእኔ ይልቅ ዶሮዎቹ ያውቁ ነበር። እንደዚያም ሆኖ መቁጠሬን አልተውኩም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጠባ። በአርባኛው ቀን ፌስታሉን በጉያዬ ይዤ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማዩ ጠርቷል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀኑን እሳቸውም ሲቆጥሩ ኖረዋል።

«ክፈተው» አሉኝ።

«እርስዎ ይክፈቱት።»

ቋጠሮውን ፈቱት። ልጡ ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ጥግ ጥጉ ተጠቅልሎ ወጣ። አልሻገተም። አልበሰበሰም። የእናቴ ጣት ከነጠባሳዋ ቁልጭ ብላ አለች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አዩዋትና መሣቅ ጀመሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲሥቁ አይቼ አላውቅም፤ እንባቸው እስኪመጣ።

«አርባ ቀን ብለህ ነበር» አሉ። «ይኸንንም አልቻልክበት!»

ዳዊቱን አምጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ልጡን ገልብጠው ከስሜ ጎን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጡት፤ ጣቷ ልክ ከቦታዋ ገባች። በላዩ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርገው መጽሐፉን ጥቁሩ ፌስታል ውስጥ ከተቱና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ሁለት ጊዜ አጥብቄ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።